ሁለተኛ ዓመት ላይ የተቀጣሁትን ነገር ሜዲካል ስኩል አፕሊኬሽን ላይ እንዴት ልጻፈው?

ግራ_የገባው_ፕሪሜድ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ረጅም ስለሆነ አስቀድሜ ይቅርታ። ዘንድሮ ሜይ መጨረሻ ላይ አምካስ (አሜሪካ ውስጥ ለሜዲካል ስኩል የሚመለከትበት የጋራ ሲስተም) ሰብሚት ላደርግ እየተዘጋጀሁ ነው፣ የመግቢያ ፈተናውን ኤምካትን ወስጃለሁ፣ የሪኮመንዴሽን ደብዳቤዎቼ ገብተዋል፣ ፐርሰናል ስቴትመንቱም አልቋል፣ የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት። ያቺ "ኢንስቲቱሽናል አክሽን" የምትለዋ፣ ኮሌጅ እርምጃ ወስዶብህ ያውቃል ወይ የምትለዋ። ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላብ ላይ የእኔና የላብ ጓደኛዬ ሪፖርት ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘና ጉዳዩ ወደ ተማሪዎች ሥነ ምግባር ቢሮ ተመራ፣ እኔም ላይ ቅጣት ተወሰነ። አንድ ሴሚስተር ፕሮቤሽን፣ ለዛች ላብ ዜሮ፣ እና አንድ የሥነ ምግባር ሴሚናር። ሴሚናሩን ጨርሻለሁ፣ ከዛ ወዲህ ምንም የለብኝም፣ ትራንስክሪፕቴ ላይም አይታይም። የቢሮው ሰውዬ ያኔ "ይሄ ለማስተማር ነው እንጂ አይከተልህም" ብሎኝ ነበር።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ የማይታይ ነገር ከሆነ ለምን እናገራለሁ? ሁለተኛ የግድ ከሆነ እንዴት አድርጌ? አንድ ድራፍት አለኝ ግን ባነበብኩት ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል። ቤተሰቦቼ አያውቁም፣ ጓደኞቼንም መጠየቅ አልቻልኩም፣ ለዛ ነው እዚህ የመጣሁት።

ዝም_በል፦
አትናገር። በቃ። ትራንስክሪፕት ላይ ከሌለ የለም ማለት ነው። ኮሚቴው እኮ በሺዎች የሚቆጠር ፋይል ፊት ለፊቱ ተከምሮ የሚፈልገው መጣያ ምክንያት ነው፣ አንተ ደግሞ ምክንያቱን ራስህ ጠቅልለህ ልታቀብለው? በገዛ እጅህ ገመድ አንገትህ ላይ አታስገባ።

ሁለተኛ_ዙር፦
@ዝም_በል ወንድሜ፣ ስምህ ራሱ ምክር ነው ግን እዚህ ላይ ስተሃል። ጥያቄዋን አንብበሃታል ግን? እኔ ሁለት ጊዜ አፕላይ ያደረግኩ ሰው ነኝ፣ በቃሌ ነው የያዝኳት። በየትኛውም ኮሌጅ ወይም ሜዲካል ስኩል በትምህርት ውጤት ወይም በሥነ ምግባር ጥሰት እርምጃ ተወስዶብህ ያውቃል ወይ ነው የምትለው፣ ትምህርትህን ባያቋርጥም እንኳ። ከዛ አስከትላ ትራንስክሪፕት ላይ ባይወጣም፣ በትምህርት ቤቱ ደንብ ወይም በራስህ አቤቱታ ተሰርዞ ቢሆንም "አዎ" ማለት አለብህ ትላለች። "አይታይም እኮ" የሚለውን ነገር እነሱ ቀድመው አስበውበት ነው በሩን የዘጉት።

እግረ መንገዴን፣ ብዙ ሰው ይሄ ለኩረጃ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ጂፒኤህ ወርዶ አካዳሚክ ፕሮቤሽን ላይ ገብተህ ከነበረም ይገባል፣ የእኔ እሱ ነበር። አንደኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር። እኔም መጀመሪያ "ይሄ ቅጣት አይደለም" ብዬ ልዘለው ነበር፣ አድቫይዘሬ ናት ያስቆመችኝ።

ዝም_በል፦
እሺ ጥያቄው እንደዛ ይላል። ግን ማን ያውቃል? ማነው ሄዶ ሁለተኛ ዓመት ላብ የሚቆፍረው?

ሁለተኛ_ዙር፦
አምካስን የሚያስተዳድረው ደብል ኤ ኤም ሲ እኮ አፕሊኬሽን ላይ የማይገጥም ነገር ሲያገኝ የሚመረምርበት አሠራር አለው፣ ሪፖርቱ ደግሞ ላመለከትክባቸው ትምህርት ቤቶች ነው የሚሄደው። ለአንዱ አይደለም። አንዳንድ ሜዲካል ስኩል ደግሞ ከተቀበለህ በኋላ የዲን ማረጋገጫ ፎርም ይልካል፣ ኮሌጅህ ሞልቶ እንዲመልስ፣ ተቀጥቶ ያውቃል ወይ የሚል ሳጥን ያለበት። ተቀብለውህ፣ ቤተሰብ ደስ ብሎት፣ ቤት ተከራይተህ፣ ከዛ ያ ፎርም ሲመጣ አስበው። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ @ግራ_የገባው_ፕሪሜድ፣ ደብዳቤ ከጻፉልህ ሰዎች ውስጥ የዛን ጊዜ ነገር የሚያውቅ የለም?

ግራ_የገባው_ፕሪሜድ፦
... የላቡ አስተማሪ ናት አንደኛዋ 😶 በኋላ እሷ ጋር ቲኤ (የላብ ረዳት) ሆኜ ሠርቻለሁ። አስቤው አላውቅም ነበር ይሄን።

ሁለተኛ_ዙር፦
ወይ ጉድ 😂 ያውም እሷ!

የሌሊት_ነርስ፦
ልጄ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ነርስ ነኝ፣ ለልጄ ብዬ ነው እዚህ የማነበው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እኛ ዘንድ ፈቃድ ስታወጣም ስታድስም ሥራ ስትለውጥም አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ፣ ተቀጥተህ ታውቃለህ ወይ፣ ፈርም ይልሃል። የዛሬውን "የለም" ካልከው ያ "የለም" ቀለብ የሚሰፈርለት ነገር ነው፣ በየዓመቱ ታበላዋለህ። ሌሊት ተረኛ ሆነህ ሰው ተኝቶ አንተ ቁጭ ብለህ ይመጣብሃል። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባል የለ። ጻፈውና ተገላገል።

ዝም_በል፦
እትዬ እርስዎ ከመጡ እኔ ተሸንፌያለሁ 🙏 እሺ ይናገር። ግን ቢያንስ አለስልሶ ይጻፈው።

ግራ_የገባው_ፕሪሜድ፦
እትዬ እግዜር ይስጥልኝ። እሺ ወስኛለሁ "አዎ" ነው የምለው። ድራፍቱ ይኸውላችሁ፣ በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን መለስ አድርጌዋለሁ፣ ያው ቃና ነው ያለው፦

"በሁለተኛ ዓመት ትምህርቴ ወቅት ከአንድ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላብ ሪፖርት ጋር በተያያዘ አለመግባባት ተፈጥሮ ነበር። በሁለት ሪፖርቶች መካከል ተመሳሳይነት ተገኝቶ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ቢሮ ተመርቷል፣ የአንድ ሴሚስተር ፕሮቤሽንም ተወስኗል። ሴሚናሩም በአግባቡ ተጠናቋል። ምንም እንኳ ወቅቱ ከባድ ቢሆንም ይህ አጋጣሚ ስለ አካዳሚክ ታማኝነት ያለኝን ግንዛቤ በእጅጉ ያሳደገና የተሻለ ሐኪም እንድሆን የሚረዳኝ ነው።"

1325 ካራክተር ነው የሚፈቅዱት፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል፣ ገና ብዙ ቦታ አለኝ፣ ምን ልጨምር?

ተረኛ_ሬዚደንት፦
አሁን ገና ከሥራ ወጣሁ፣ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ልመልስ። ሬዚደንት ነኝ፣ አራተኛ ዓመት ሜዲካል ተማሪ እያለሁ አድሚሽን ኮሚቴ ላይ የተማሪ ተወካይ ሆኜ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ፣ እንደዚህ ዓይነት ጽሑፍ ብዙ አንብቤያለሁ። የማንንም አልናገርም፣ የሚደጋገመውን ግን ልነግርህ እችላለሁ።

የጻፍከውን ተመልሰህ ግሶቹን ብቻ አውጣቸው። ተፈጥሮ፣ ተገኝቶ፣ ተመርቷል፣ ተወስኗል፣ ተጠናቋል። አምስት "ተ"። ተመሳሳይነትን ሳልቆጥር። አንተ የት አለህ? አንተ የታየኸው መጨረሻ ላይ ግንዛቤህ ሲያድግ ብቻ ነው። ልጅ ሆነን ብርጭቆ ስንሰብር ምን ነበር የምንለው፣ "እማዬ፣ ብርጭቆው ተሰበረ"። ሰበርኩት የሚል ልጅ እኔ አላየሁም። ብርጭቆው ጠዋት ተነስቶ ኑሮ ሰልችቶት ራሱን የጣለ ነው የሚመስለው። ይሄ ድራፍት ያ ነው። በእንግሊዝኛውም ያው ነው፣ እንዲያውም እንግሊዝኛው ለመደበቅ የበለጠ ይመቻል።

እዛ ጠረጴዛ ላይ ምን ይሆናል መሰለህ፣ አንባቢው አንብቦ ሲጨርስ ቀና ይልና "ምንድነው ግን ያደረገው?" ይላል። ሌላው ደግሞ ገልብጦ ይሆናል ይላል፣ ሦስተኛው ፈተና ሰርቆ ቢሆንስ ይላል። አንተ ባዶ የተውከውን እነሱ ይሞሉታል፣ የሚሞሉት ደግሞ ሁልጊዜ ከሠራኸው በባሰ ነገር ነው። ፋይሉን ከዛ በላይ የሚጎዳው የለም። እኔ የማስታውሰው የዶርም ውስጥ መጠጥም የላብ ኩረጃም በሁለት ዓረፍተ ነገር ተጽፎ "እሺ፣ ገባን" ተብሎ ወደ ሌላ ገጽ ሲታለፍ ነው። ሁሉ ይታለፋል አላልኩም፣ ኩረጃ ከዶርም ቢራ ይከብዳል፣ የባለፈው ዓመት ነገር ከሦስት ዓመት በፊቱ ይከብዳል፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ደግሞ በጣም ይከብዳል። ግን ያልገባን ነገር አይታለፍም።

አሁን ጥያቄ። የአንተ ሪፖርት ጓደኛህ ጋር እንዴት ደረሰ? በእግሩ አልሄደም መቼም።

ዝም_በል፦
"ኑሮ ሰልችቶት ራሱን የጣለ ብርጭቆ" 💀💀

ግራ_የገባው_ፕሪሜድ፦
ኢሜይል ላይ ነበር። ማለት ፋይሉ ኢሜይል ላይ ነበር። እሱ ጋር ደርሶ ነበር በዛ መንገድ።

ተረኛ_ሬዚደንት፦
ይኸው ደግሞ። "ደርሶ ነበር"። ማን ላከው?

ግራ_የገባው_ፕሪሜድ፦
እኔ። እኔ ነኝ የላክሁለት። ሌሊት ስድስት ሰዓት ማስረከቢያው ነበር፣ አምስት ሰዓት ላይ ደውሎ የሙከራው የቲኤልሲ ሥዕል ጠፍቶብኛል፣ የዪልድ (የተገኘው ምርት መጠን) ስሌቱም አልገባኝም፣ እስቲ ያንተን ልየው አለኝ፣ ላክሁለት። ሲላቡሱ ላይ ሪፖርት መለዋወጥ ክልክል ነው ይላል፣ አውቅ ነበር። ይገለብጠዋል ብዬ ግን እውነት አላሰብኩም። እስከ ዳይስከሽኑ የፊደል ስህተቴ ድረስ ነው የገለበጠው።

ሁለተኛ_ዙር፦
እና ይሄ ምን ችግር አለው?! ይሄ እኮ ከድራፍትህ መቶ እጥፍ ይሻላል። ድራፍትህን ሳነብ ከኢንተርኔት ገዝተህ መስሎኝ ነበር 😅

የሌሊት_ነርስ፦
ደግ ልጅ ነህ ማለት ነው። የደግ ጥፋትም ጥፋት ነው እንግዲህ።

ስሜን_አልናገርም፦
ክሩን ልጥለፈው ይቅርታ፣ እኔ ዶርም ውስጥ ቢራ ተገኝቶ... እሺ እሺ፣ ቢራ አስገብቼ 🙈 የዶርሙ ኃላፊ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥቶኛል። ፕሮቤሽን የለ ምን የለ። ይሄም ይገባል?

ሁለተኛ_ዙር፦
@ስሜን_አልናገርም እዚህ ያለነው ሰዎች በግምት ልንነግርህ አይገባም። ለዲን ኦፍ ስቱደንትስ ቢሮ ኢሜይል ጻፍ፣ "ይሄ ደብዳቤ በእናንተ አሠራር ኢንስቲቱሽናል አክሽን ነው ወይ" ብለህ። በአፍ አትጠይቅ፣ መልሱን በጽሑፍ ይዘኸው ተቀመጥ። አንዳንድ ትምህርት ቤት የዶርም ማስጠንቀቂያን ይቆጥራል አንዳንዱ አይቆጥርም። ካላወቅክ ጻፈው፣ ለአንድ ቢራ ማንም ነፍስህን አያወጣም። ለዲኦ (ኦስቲዮፓቲክ) ሜዲካል ስኩሎች አኮማስ በሚባለው ሲስተም፣ ለቴክሳስ በራሳቸው ሲስተም የምታመለክት ከሆነ ደግሞ የነሱ ጥያቄ የራሱ አጻጻፍ አለው፣ አምካስ ላይ የጻፍከውን ዝም ብለህ ኮፒ ፔስት አታድርግ፣ መጀመሪያ አንብበው።

መስመር_ጠባቂ፦
ሁላችሁም አይዞህ አይዞህ ስትሉ እኔ ደስ አላለኝም። እ.ኤ.አ. 2005 ላይ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት አለ። በሜዲካል ቦርድ የተቀጡ 235 ሐኪሞችን ካልተቀጡ 469 ሐኪሞች ጋር አነጻጸሩ፣ ሜዲካል ስኩል እያሉ ፋይላቸው ላይ የሥነ ምግባር ችግር የተመዘገበባቸው ከተቀጡት 39 ፐርሰንት ካልተቀጡት ደግሞ 19 ፐርሰንት ነበሩ። ትንሽ የሚመስል ነገር ትንሽ አይደለም። ታካሚ ነው የምንረከበው። ኮሚቴ ቢጠነቀቅ አልፈርድበትም።

ተረኛ_ሬዚደንት፦
@መስመር_ጠባቂ ጥናቱን አውቀዋለሁ፣ ኮሚቴዎች የሚጠነቀቁበት አንዱ ምክንያትም እሱ ነው፣ እውነትህን ነው። ግን ሁለት ነገር። አንደኛ ያ ስለ ሜዲካል ተማሪዎች ነው፣ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ስላለ ልጅ አይደለም። ሁለተኛ እዛው ጥናት ውስጥ ከኋላ ቅጣት ጋር በጣም ተያይዞ የተገኘው ከባድ ኃላፊነት የጎደለው ባህርይ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ስህተቱ ሲነገረው ራሱን ማረም የማይችል ሰው። ስለዚህ ኮሚቴው ያቺን 1325 ካራክተር ሲያነብ የሚፈልገው ይሄንኑ ነው፣ ይሄ ሰው ሲነገረው ይሰማል ወይስ "ብርጭቆው ተሰበረ" ይላል። ከተቀጡት 61 ፐርሰንቱ ፋይላቸው ንጹህ እንደነበረም አትርሳ።

መስመር_ጠባቂ፦
እሺ የመጨረሻዋን አላሰብኳትም ነበር። ተቀብያለሁ። ሰውዬው ግን "የተሻለ ሐኪም እንድሆን" የምትለዋን ይሰርዝ፣ ለማንም ደስ አትልም።

ተረኛ_ሬዚደንት፦
እሷማ ትሰረዛለች 😂 ሁሉም ሰው ነው የሚጽፋት። @ግራ_የገባው_ፕሪሜድ አሁን ከመጻፍህ በፊት አንድ ሥራ አለህ። ፋይልህን አስወጣ። ፈርፓ የሚባል እ.ኤ.አ. የ1974 ሕግ አለ፣ የትምህርት መዝገብህን የማየት መብት ይሰጥሃል፣ ትምህርት ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት አለበት። አሁን ካልጠየቅክ ሰብሚት ከማድረግህ በፊት ላይደርስልህ ይችላል። ምን እንደተባለ ከትዝታህ አትጻፍ፣ ትዝታ ጠበቃ ነው፣ ሁልጊዜ ላንተ ነው የሚቆመው። የጻፍከው ቃልና ደብዳቤው ላይ ያለው ቃል ካልገጠመ ሌላ ጣጣ ነው። አንዴ ሰብሚት ካልክ ደግሞ ማብራሪያውን ተመልሰህ አታርመውም።

ግራ_የገባው_ፕሪሜድ፦
ዛሬ ጻፍኩላቸው። በመዝገቡ ስም፣ በተማሪ ቁጥሬ፣ ሁሉንም ሰነድ ብዬ። እመለሳለሁ።

ስሜን_አልናገርም፦
እኔም ጻፍኩ። መልስ መጣ፣ በነሱ አሠራር አይቆጠርም አሉ። ኢሜይሉን ሦስት ቦታ አስቀምጬዋለሁ 😂

ግራ_የገባው_ፕሪሜድ፦
ተመለስኩ። አሥራ ስድስት ቀን ፈጀባቸው። ፒዲኤፍ ነው፣ አሥራ አንድ ገጽ። ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ከፈትኩት፣ ቤት መክፈት ፈርቼ።

ስድስተኛው ገጽ ላይ ረስቼው የነበረ ነገር አለ። ረስቼው ነበር ስል እውነት ይሁን ውሸት እኔም አላውቅም። አስተማሪዋ መጀመሪያ በኢሜይል ጠይቃኝ ነበር፣ ሁለቱ ሪፖርቶች ለምን አንድ እንደሆኑ ታስረዳኛለህ ብላ። የመለስኩላት እንዳለ አለ። "እኔ ለማንም አልላክሁም፣ ላብ ውስጥ ላፕቶፔን ክፍት ትቼ ስለነበር ምናልባት ከዛ ወስዶት ይሆናል" ነው ያልኩት። ሰዓቱ ሳይቀር አለ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥራ አራት። ሂሪንጉ (ጉዳዩ የተሰማበት ስብሰባ) የተደረገው ከሦስት ቀን በኋላ ነው፣ እዛ ነው የላክሁት እኔ ነኝ ያልኩት፣ እሱም ኢሜይሌን ስላሳያቸው ነው ደግሞ። የውሳኔው ደብዳቤ ላይ በአንድ መስመር ተጽፏል፣ "ተማሪው መጀመሪያ ክዶ በኋላ አምኗል" በሚል።

ስለዚህ ለሦስት ዓመት ለራሴ የነገርኩት ታሪክ ጓደኛን ስለረዳ ልጅ ነበር። ለነዛ ሦስት ቀናት ግን ጓደኛዬን ሌባ አድርጌው ነው የከረምኩት። ድራፍቱ ለምን ሆዴን ይቆርጠኝ እንደነበር አሁን ገባኝ።

ይሄን ልጻፍ? በእውነት ንገሩኝ። የተቀጣሁት በመላክ ነው እንጂ በመካድ አይደለም።

ዝም_በል፦
አሁን የምሬን ነው የምጽፈው። ስለ መላኩ ጻፍ፣ የተቀጣህበት እሱ ነው፣ የተጠየቅከውም እሱ ነው። ያልተጠየቅከውን መጨመር ግን ኑዛዜ ነው፣ አፕሊኬሽን ደግሞ የንስሐ አባት አይደለም።

ሁለተኛ_ዙር፦
እኔ እንደውም ለመጀመሪያ ጊዜ ከዝም በል ጋር ግማሽ ተስማማሁ። ግን ደብዳቤው ላይ አለ እኮ።

ተረኛ_ሬዚደንት፦
ዝም በል ያለው የሞኝ ነገር አይደለም፣ ብዙ ሰው ከመጠን በላይ ይናዘዛል፣ ስለ እናቱ ሕመም ስለ ፍቅረኛው ስለ ጭንቀቱ ይጽፍና ያደረገውን ነገር ከመሐል ትፈልጋለህ። ደንቡ ለኔ ቀላል ነው፣ የውሳኔው ደብዳቤ ላይ ያለ ነገር አንተም ጋር ይኑር። ነገ አንድ ትምህርት ቤት ደብዳቤውን ላክ ቢልህ፣ ሴኮንደሪ (ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚልከው ተጨማሪ ማመልከቻ) ላይ ሊጠይቁህም ይችላሉ፣ አዲስ ነገር ሊያገኙበት አይገባም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሰበብ አትጨምርበት፣ "ፈርቼ ነው" እንኳ አትበል፣ መፍራትህን ማንም ይገምታል።

የሌሊት_ነርስ፦
ያ ልጅስ? ጓደኛህ ማለቴ ነው። ይቅርታ ብለኸዋል?

የሌሊት_ነርስ፦
አንብበህ ዝም አልክ እንዴ 🙂

ግራ_የገባው_ፕሪሜድ፦
እትዬ አላልኩትም። ከዛ ሴሚስተር በኋላ አልተነጋገርንም። እኔ እሱ ነው ያጠፋብኝ እያልኩ ነበር የምዞረው።

ግራ_የገባው_ፕሪሜድ፦
አዲሱ ይኸው። ትርጉሙ ነው፣ እንግሊዝኛው 1180 ካራክተር አካባቢ ነው፦

"ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የጨረስኩትን የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላብ ሪፖርት ለላብ ጓደኛዬ በኢሜይል ላክሁለት። ሪፖርት መለዋወጥ በኮርሱ ደንብ ክልክል መሆኑን አውቅ ነበር። እሱም አብዛኛውን ገልብጦ አስገባ። አስተማሪዋ ስትጠይቀኝ መጀመሪያ አልላክሁም አልኩ፣ ከላፕቶፔ ወስዶት ሊሆን እንደሚችልም ጻፍኩላት። ከሦስት ቀን በኋላ በሂሪንጉ ላይ የላክሁት እኔ መሆኔን አመንኩ። ዩኒቨርሲቲው ባልተፈቀደ ትብብር ጥፋተኛ ነህ ብሎ የአንድ ሴሚስተር ፕሮቤሽን፣ ለላቡ ዜሮና የሥነ ምግባር ሴሚናር ሰጠኝ። ሁሉንም በዚያው ዓመት ጨረስኩ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቅጣት የለብኝም። ከመላኬ ይልቅ የማፍረው በእነዚያ ሦስት ቀናት ነው፣ ሌላ ሰው በእኔ ቃል ተጠርጥሮ ነበርና። አራተኛ ዓመት ላይ የዚያው ላብ ረዳት ሆኜ ሳስተምር ተማሪዎች የድሮ ሪፖርቴን ይጠይቁኝ ነበር። አልሰጠሁም፤ የራሳቸውን ቁጥር ይዘው እንዲመጡ እነግራቸውና አብረን ተቀምጠን እናሰላ ነበር። ከዚህ ልምድ ታማኝነት የሐኪም ሙያ መሠረት መሆኑን ተምሬያለሁ።"

ተረኛ_ሬዚደንት፦
የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ቁረጥ፣ "እናሰላ ነበር" ላይ አቁም። ሌላውን አትንካው። "በእኔ ቃል ተጠርጥሮ" የምትለው ላይ ቆሜ ደገምኳት፣ እውነቴን ነው።

መስመር_ጠባቂ፦
ይሄን ልጅ እኔ ኢንተርቪው እጠራዋለሁ። ከኔ አፍ ይሄ መውጣቱ ራሱ ገርሞኛል።

ዝም_በል፦
ስሜን ልቀይር ነው መሰለኝ።

ሁለተኛ_ዙር፦
አንድ ማስታወሻ ደግሞ ለሌሎች፣ ሰብሚት ካደረጋችሁ በኋላ አዲስ ቅጣት ቢመጣባችሁ በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ ላመለከታችሁባቸው ትምህርት ቤቶች በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። የመጨረሻ ሴሚስተር ላይ የምትጠጡ ልጆች እያያችሁ 👀

ግራ_የገባው_ፕሪሜድ፦
ሰብሚት አደረግኩ። ከዛ በፊት ለአስተማሪዋ ነገርኳት፣ አፕሊኬሽኑ ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፣ ደብዳቤሽ ላይ የምትለውጪው ካለ ገና ጊዜ አለ ብዬ። "እኔ ቀድሞውኑ ጽፌዋለሁ" አለችኝ። ደብዳቤው ላይ አለ ማለት ነው!! ከመጀመሪያው! እኔ እዚህ ልናገር አልናገር ስል እሷ ጽፋው ተቀምጣለች።

ዝም_በል፦
ኧረ ተው 😳😳 እኔን ሰምተህ ቢሆን ኖሮ አለቀልህ ነበር። ወንድሜ ይቅርታ፣ ከልቤ።

ሁለተኛ_ዙር፦
ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት ይሄን። እሷ ስትጽፍ እንዴት እንዳየችው ማን ያውቃል፣ ቲኤ አድርጋ ከቀጠረችህ ግን መጥፎ አልጻፈችም።

ግራ_የገባው_ፕሪሜድ፦
ኦክቶበር ላይ ነን፣ ለሚከታተሉ አፕዴት። እስካሁን ሁለት ኢንተርቪው። የመጀመሪያው ጋ ጭራሽ አልተነሳም። ሁለተኛው ጋ አንድ ሸምገል ያሉ ሐኪም ፋይሌን እያገላበጡ "ይሄን ላብ ንገረኝ" አሉኝ። ከአንድ ደቂቃ በታች ተናገርኩ፣ እዚህ የጻፍኩትን ያህል እንኳ አይሆንም። ዝም ብለው ሰሙና "ያ ልጅ አሁን የት ነው?" አሉኝ። እኔ የተዘጋጀሁት ምን ተማርክ ለሚለው ነበር።

ጁን ላይ ደውዬለት ባልነበር ኖሮ እዛ ወንበር ላይ ምን እል እንደነበር አላውቅም። ፋርማሲ ትምህርት ላይ ነው፣ ስደውልለት መጀመሪያ ቁጥሬን አላወቀውም፣ ስሜን ስነግረው ትንሽ ዝም አለ። ይቅርታ አልኩት። "የፊደል ስህተትህን እንኳ ሳላርም ነው ያስገባሁት እኮ፣ እኔስ ምን ልበልህ" ብሎ ሳቀ። ለሐኪሙም ይሄንኑ ነገርኳቸው። እሳቸውም ፈገግ አሉና ስለ ሆስፒስ በጎ ፈቃድ ሥራዬ መጠየቅ ጀመሩ፣ ሃያ ደቂቃ ስለሱ ብቻ አወራን። ውጤቱን ገና አላውቅም።

የሌሊት_ነርስ፦
እሰይ የኔ ልጅ። ደወልክ አይደል። በቃ።

አዲስ_ገቢ_07፦
ሰላም ክሩን ሙሉውን አነበብኩት፣ በጣም ጠቅሞኛል። አንድ ጥያቄ ነበረኝ፣ አንድ ጓደኛዬ ባዮስታት ፈተና ላይ ስልክ ተገኝቶበት ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ተመርቶ ነበርና፣ እሱ አሁን እንዴት አድርጎ ቢጽፈው ይሻላል?

ግራ_የገባው_ፕሪሜድ፦
@አዲስ_ገቢ_07 እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ጓደኛህ ነው ወይስ አንተ?

አዲስ_ገቢ_07፦
እኔ ነኝ።

ግራ_የገባው_ፕሪሜድ፦
እሺ። ፋይልህን ጠይቀሃል?